ከሀ እስከ ፐ፦ የሃይስኩል ባችን የማሰባሰብ ሥራ

ይህ ጽሑፍ የሃይስኩል ባቻቸውን ለማሰባሰብ ኮሚቴ ለገቡ፣ ወይም «እስኪ እኛም እንሞክር» እያሉ ለሚያመነቱ ነው። የምጽፈው ስለማውቀው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ አብሮ ተምሮ፣ አሁን ከፊሉ አገር ቤት፣ ከፊሉ አሜሪካ፣ አውሮፓና አረብ አገር ስላለ ባች። በክልል ከተማ ወይም በግል ትምህርት ቤት ለተማረም አብዛኛው ይሠራል።

አንድ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለእኔ የባች ዝግጅት ተሳካ የምለው «እኔ ምን ይዤ እሄዳለሁ?» ብሎ ሊቀር የነበረው ሰው ሲመጣ ነው። ኑሮ የተሳካለት በአንድ ሜሴጅ ይመጣል። የኮሚቴው ልፋት ለሌላው ነው። ቀኑም፣ መዋጮውም፣ የደረት ባጁም ሳይቀር በዚህ ዓይን መታየት አለበት።

አንደኛ፦ ኮሚቴውን አቋቁሙ

ቢያንስ አሥር ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሥራው ሁለት ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ከበዛ ደግሞ ለስብሰባ ቀጠሮ መያዝ ራሱ ሥራ ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል አይቆምም።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው አምስት የአንድ ክፍል ጓደኛሞች ተጠራርተው ኮሚቴ ሲሆኑ ነው። የሚያውቁት የራሳቸውን ልጆች ብቻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስለሚበዛባቸው በፈረቃ ነበር የሚያስተምሩት። በአንድ ዓመት ማትሪክ የወሰዱ ሁለት ልጆች አንድ ቀን እንኳ ሳይተያዩ ሊጨርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም ፈረቃ ሰው ይኑር። ሴቶችም ወንዶችም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ውጭ አገር ያለም ይግባ። ቀንና ምግብ ሲወሰን ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

የሥራ ክፍፍሉ እድር ላየ ሰው አዲስ አይደለም። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም፣ የፍለጋ ኃላፊ፣ የመስተንግዶ ኃላፊ፣ የውጭ አገር ተጠሪ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ የግድ ሁለት ሰው ይሁኑ። አንዱ ገንዘቡን ይይዛል፣ ሌላው ይመዘግባል። በጣም የሚዋደዱ ጓደኛሞችም ቢሆኑ ይኼ አይታለፍ።

የፍለጋ ኃላፊው ሲመረጥ ትዕግሥቱ ይታይ። በየባቹ ሁሉን የምታውቅ፣ ከማንም ያልተጣላች አንዲት ልጅ አትጠፋም። እሷን ለምኗት።

ሥራው በነፃ ነው። በነፃ መሥራትና ከኪስ እያወጡ መሥራት ግን ይለያያሉ። ለስልክ ካርድና ለታክሲ የወጣው ከጋራ ገንዘብ ይመለስ። ይህ ካልሆነ ኮሚቴው አቅም ላላቸው ብቻ የሚሆን ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ ኃላፊ ተተኪ ይኑረው። ቤቱ ሰው የታመመበት ልጅ ያለ ይሉኝታ «ለሁለት ወር ልረፍ» ማለት መቻል አለበት። ይህ መንገድ ካልተከፈተለት ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ሥራውም አብሮት ይጠፋል።

ለስብሰባ እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ዋሽንግተን በዚያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል፤ የአሜሪካ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀያየር ነው። ቀጠሮ ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ሰዓት ያምታታል። አረብ አገር የምትሠራ እህት እሑድ ላታርፍ ትችላለች፤ ስልኳን የምትነካው ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለእሷም ለሌላውም ሲባል የስብሰባው ውሳኔ በአጭሩ ተጽፎ ይለጠፍ። የድምፅ መልእክት ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ባቹ ማን እንደሆነ ወስኑ

ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ዓመቱ። «የ98 ባች» ሲባል አገር ቤት ያለው 1998 ዓ.ም. ይመስለዋል፤ ውጭ የኖረው ደግሞ የፈረንጁን 1998 ያስባል፣ እሱም የእኛ 1990 ነው። በጥሪው ላይ «ዓ.ም.» የሚለውን አትርሱ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፉ ፈተና 10ኛ ክፍል ላይ መሰጠት ጀመረ። ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ሥራ ሄደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ባቾችም የደገመ፣ ትምህርት ቤት የቀየረ፣ አባቱ ሞቶበት ያቋረጠ ነበር። ጥሪው «12ኛ የጨረሰ» የሚል ከሆነ እነዚህን ሁሉ ቆርጦ ያስቀራል። የእኔ ምክር፦ 9ኛ ክፍል አብሮ የገባ፣ በመሃልም የተቀላቀለ ሁሉ ባች ነው። ይህ በጥሪው ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ። «ለእኔም ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠራጠር ሰው መልሱን እዚያው ያግኝ።

ሦስተኛ፦ ፍለጋው

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከአሥሩ ወር አምስቱን ቢወስድ አይግረማችሁ።

አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ክፈቱ። ጉግል ሺት ይበቃል። የሚሞላው፦ ስም ከነአባትና አያት፣ ቅጽል ስም፣ ክፍልና ፈረቃ፣ የድሮ ሰፈር፣ ስልክ፣ የሚኖርበት አገር፣ ማን ደወለ፣ መቼ፣ ምን አለ። ቅጽል ስሙን አትናቁት። በአባት ስም ማንም የማያስታውሰው ልጅ በቅጽል ስሙ ወዲያው ይታወቃል። ለየክፍሉ ሁለት ደዋይ መድቡ። ሺቱን የሚያዩት ደዋዮቹ ብቻ ይሁኑ፤ የሰው ስልክ በየግሩፑ አይዙር።

ስም ከየት ይገኛል?

ከትምህርት ቤቱ ሮስተር። ኮሚቴው የፈረመበት ደብዳቤ ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ፤ ከዚያ ወደ ሪከርድ ክፍል ይመሯችኋል። እዚያ ያለችውን ሠራተኛ ሥራ በሚበዛበት የምዝገባ ሰሞን አታስቸግሯት። የምትገለብጡት ስም ብቻ ነው። ሮስተሩ ላይ ውጤትና ደረጃ አለ። ያንን ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ የሰውን ገበና አደባባይ ማውጣት ነው።

ከአውቶግራፍ። 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ደብተር እያዞርን «አትርሺኝ» ያልንበትን ማለቴ ነው። ከብዙ ሴቶች ቤት ዛሬም ይገኛል። ስም፣ ሰፈር፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ የጥብቅ ጓደኛ ስም ሳይቀር አለበት። ሮስተር የጠፋባቸው ባቾች በአውቶግራፍ ብቻ የክፍላቸውን ልጆች ስም መልሰው መልቀም ይችላሉ።

ከሰፈር። የድሮው ቤት ፈርሶ፣ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ይሆናል። እድሩ ግን ብዙ ጊዜ አይፈርስም። የእድሩ ጸሐፊ የማን ልጅ የት እንደገባ ያውቃል። የጥግ ባለሱቁም እንደዚያው።

ከፌስቡክ ስትፈልጉ ደግሞ ውጭ ያለ ሰው የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንዷም የባሏን ስም እንደያዘች አስቡ። የድሮ ጓደኞቿን ዝርዝር ማየት ስሟን ከመጻፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ስልኩ። ተገኘች እንበል። እንዲህ ትጀምራላችሁ፦ «ሄሎ፣ እኔ ከ11ኛ ዲ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የምቀመጠው፣ አስታወስሽኝ?» ትስቃለች። ስለ ዝግጅቱ ስትነግሯት ግን ድምፅዋ ይቀየራል። «እናንተ እኮ ደርሳችኋል። እኔ መጥቼ ምን ላደርግ?»

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ገንዘቡን እኛ እንከፍልልሻለን» አትበሉ። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተናገረችም። የምታስታውሱትን እውነተኛ ነገር ንገሯት፦ «የሒሳብ ደብተርሽን እየገለበጥን አይደል ያለፍነው?» ከዚያ አንድ ነገር ጠይቋት። አውቶግራፍ አላት? የድሮ ፎቶ? የማትገኘው ጓደኛዋ የት እንዳለች ታውቃለች? ሰው ሲለምኑት ከሚመጣው ይልቅ ሲፈለግ ይመጣል። ስትሰናበቱ መልስ አትጠብቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው፣ የእሷ የቅርብ ጓደኛ የነበረች ትደውል። ብዙዎቹ በሁለተኛው ስልክ እሺ ይላሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በዕለቱ ቡና እንድታፈላ ወይም ወጥ እንድትሠራ አትጠይቋት። እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው።

መገኘት የማይፈልግም አለ። «ተዉኝ» ካለ ይተዋል፤ ቁጥሩም ከሺቱ ይጠፋል።

ኤርትራዊ የዘር ሐረግ የነበራቸው ጓደኞቻችንም አሉ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ከየክፍሉ ወንበራቸው ባዶ የቀረ ነበሩ። አስመራም፣ አሜሪካም፣ አውሮፓም ይገኛሉ። «ይመጣሉ ብዬ አላስብም» ብላችሁ ስማቸውን አትዝለሉ። ባይመጡ እንኳ መጠራታቸውን ማወቅ አለባቸው።

የሞቱትን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ይሁን። አንድ ሰው «እሱ እኮ ሞቷል» ስላለ ብቻ ስም አይመዘገብም። ከቤተሰብ ወይም ቀብር ከደረሰ ሰው ይረጋገጥ። የተረጋገጠም ቢሆን ድንገት ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ግሩፑ ውስጥ የልብ ጓደኛው ወይም ዘመዱ ይኖራል፤ መርዶ በቴሌግራም አይነገርም። መጀመሪያ የቅርቡን ሰው በስልክ አነጋግሩ፣ ከተቻለ ቤቱ ሂዱ። የመታሰቢያ ዝርዝሩ ሲዘጋጅም ቤተሰቡ ይጠየቅ፤ ፎቶ ቢሰጡ ደስ ይላቸዋል።

አራተኛ፦ ግሩፑን አደብ አስይዙ

ቴሌግራም ይበቃል። ለወሬው ግሩፕ፣ ለማስታወቂያው ቻናል ክፈቱ። ካልተለየ ቀኑና የባንክ ቁጥሩ በ«እንደምን አደራችሁ» ምስሎች ይዋጣል። ሕጎቹ አራት ናቸው፦ ፖለቲካ የለም፣ የሃይማኖት ክርክር የለም፣ ሽያጭ የለም፣ የሌላ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ የለም። የፖለቲካው ነገር በተለይ ከመጀመሪያው ቀን ይጥበቅ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የደረሰው በየቤቱ ቁስል ጥሏል፤ አንድ ሊንክ ሃያ ሰው ያስወጣል። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ የክፍሉ ደዋይ ይደውልለት። «ግሩፕ ላይ ለጥፈናል» ምክንያት አይሆንም።

አምስተኛ፦ ቀኑ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት የቀን መቁጠሪያ ዘርጉ።

ጾሙን አስቡ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ይይዛል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ረቡዕና ዓርብ አለ። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ በየዓመቱ መታየት አለበት። በ2021 ዓ.ም. ለምሳሌ ጥምቀት አካባቢ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል፤ ያን ዓመት «ለጥምቀት እንገናኝ» የምትሉ ሙስሊም ጓደኞቻችሁን ጦማቸውን ታውሏቸዋላችሁ።

ከሚቀሩት ውስጥ ሁለት ጥሩ መስኮቶች አሉ። አንደኛው ከገና በኋላ እስከ ዓቢይ ጾም ያለው ነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን መጣል ይቻላል፣ ጥምቀትን ብለው የሚመጡም አሉ። ችግሩ ጥር የሠርግ ወር ነው። አዳራሹም፣ ምግብ አዘጋጁም፣ ፎቶ አንሺውም ቀድሞ ይያዛል። ሁለተኛው ከሐምሌ 5 በኋላ እስከ ፍልሰታ ያሉት ሳምንታት ናቸው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ልጆቻቸው ትምህርት ስለሚዘጉ መምጣት የሚችሉት ያኔ ነው። ግን ክረምት ነው፤ ጣሪያ ያለው ቦታ የግድ ነው።

እኔ የምመርጠው ጥርን ነው፣ ቅዳሜ። ከውጭ የሚመጣው ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። አዲስ አበባ ያለውና በቀን ገቢ የሚኖረው ግን በዝናብ ከሰፈር ሰፈር ሲንከራተት ይቀራል።

መምጣት የማይችሉት አሜሪካ ያሉ ልጆች የራሳቸውን እራት ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን በተለያየ ከተማ ውድድሩን ያካሂዳል። ሰው ለኳሱ ብሎ ትኬት ስለሚቆርጥ በዚያው ሳምንት የባች እራት ማድረግ ሁለት ወጪ አያስወጣም።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡ

የጋራ የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰው ስም ይከፈት፤ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ይሁን። በማንም የግል ሒሳብ መዋጮ አይሰብሰብ፤ «ለጊዜው ነው» ቢባልም።

ወጪውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ሰው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጠው ነው፦ ድንኳን ወይም አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ፎቶ፣ ባነር፣ ለአስተማሪዎች ስጦታ፣ መኪና። ሌላው በሰው ቁጥር የሚባዛው ነው፦ ምግብ፣ መጠጥ፣ ቲሸርት፣ ባጅ። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር ልስጥ። የማይለወጠው 180,000 ብር፣ ለአንድ ሰው 1,500 ብር፣ የሚመጣው 120 ሰው ቢሆን፦ 180,000 ሲደመር 180,000፣ 360,000 ይሆናል። ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሩ፤ 396,000። አሁን ይህን ለ120 አታካፍሉት። ለ100 አካፍሉት። አንዱ ሰው 3,960፣ ማለትም 4,000 ብር ይከፍላል። ሃያው ወንበር ከወዲሁ ተከፍሎበታል።

ያ ሃያ ወንበር ለማን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ገንዘብ ያዡ። አስተማሪዎችም ከዚያው ይቆጠራሉ። ያልከፈለ ሰው ስም በግሩፕ አይለጠፍ። «እስካሁን የከፈሉ» የሚል ዝርዝርም አይለጠፍ፤ ያልከፈለውን እኮ በዝምታ መጥራት ነው። የሚለጠፈው ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ነው። ባጅም፣ ቲሸርትም፣ ወንበርም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

«ዲያስፖራው እጥፍ ይክፈል» የሚል ሐሳብ በየኮሚቴው ይነሳል። አልደግፈውም። መዋጮው ለሁሉም እኩል ይሁን፤ መጨመር የሚፈልግ በፈቃዱ ይጨምር፣ ስሙም ከመድረክ አይነበብ። ብዙ የከፈለ ሰው ባለቤት መስሎ የሚታይበት ዝግጅት ትንሽ የከፈለውን ያሸማቅቃል። ከውጭ የሚሰበሰበውን ገንዘብ የውጭ ተጠሪው ባለበት አገር ሰብስቦ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ገንዘብ አስተላላፊ ይላክ፣ ደረሰኙም ይለጠፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ሒሳብ ሹሙ ዶላሩንም፣ የዕለቱን ተመንም፣ የገባውን ብርም ጎን ለጎን ይመዝግብ።

በየወሩ ግማሽ ገጽ ሪፖርት ይለጠፍ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። ሐሜት የሚጀምረው ሪፖርት በዘገየበት ወር ነው።

ሰባተኛ፦ አስተማሪዎቹ

በስልክ አይጠሩም። ሁለት ሆናችሁ ቤታቸው ሂዱ። ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ይዟቸዋል። «ቲቸር፣ እኛ የእርስዎ ተማሪዎች ነበርን» ስትሏቸው ላያስታውሷችሁ ይችላሉ። ይህን አትፈታተኑ። «አስታወሱኝ?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ስማችሁን፣ ዓመቱንና ክፍሉን ራሳችሁ ተናገሩ።

በዚያው ቀን ቤት ውስጥ የምታዩትን አስተውሉ። መድኃኒት የሚወስዱት በስንት ሰዓት ነው? ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ማን ይዟቸው ይመጣል? በዕለቱ መኪና ቤታቸው ድረስ ይላክ፣ ከእነ አጃቢያቸው። ወንበራቸው ከድምፅ ማጉያው ራቅ ይበል። ስጦታው ጋቢ ከሆነ ጥሩ ጋቢ ይሁን። በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ካለም መድረክ ላይ ሳይሆን ቤታቸው ሲደርሱ ይሰጥ።

ዘበኛውን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ፣ በር ላይ ሳምቡሳ ትሸጥ የነበረችውንም እናት ጥሩ። የተማሪውን ሕይወት ከዩኒት ሊደሩ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስምንተኛ፦ ቦታና ምግብ

ቀኑ ቢያንስ በከፊል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሁን። የሆቴል አዳራሽ የማንም አይደለም፤ የድሮ ክፍል ግን የሁሉም ነው። ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ አስገቡ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ ጽዳቱን ማን እንደሚያደርግ ጻፉ። መጸዳጃ ቤቱን ቀድማችሁ እዩ። ጄኔሬተር ተከራዩ።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ መለየት ማለት ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ማቆም አይደለም። ሙስሊም ያረደው ሥጋ፣ የተለየ ድስት፣ የተለየ ጭልፋ፣ የተለየ አስተናጋጅ ማለት ነው። ከምግብ አዘጋጁ ጋር ስትዋዋሉ ይህን በጽሑፍ አስገቡ። ከኮሚቴው አንድ ሙስሊም ጓደኛ ዝግጅቱን ሄዶ ይይ። እሱ «አይቻለሁ፣ ብሉ» ሲል ሌሎቹ በልበ ሙሉነት ይበላሉ። የጾም ምግብም ቅዳሜም ቢሆን ይኑር፤ ሥጋ የማይበላ አይጠፋም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አልኮል አይግባ። መጠጣት የፈለገ ማታ ሌላ ቦታ ይጠጣ።

ባለትዳሮች «ባሌን፣ ሚስቴን ላምጣ?» ይላሉ። ለመጀመሪያው ዝግጅት ባቹ ብቻውን ቢሆን ይሻላል። በማግስቱ እሑድ ቤተሰብ ያለበት ቀላል ምሳ ይደረግ።

ዘጠነኛ፦ የዕለቱ ፕሮግራም

ጠዋት 3 ሰዓት ምዝገባ። ባጁ ላይ በትልቁ የሚጻፈው በትምህርት ቤት የሚታወቅበት ስም፣ ክፍሉና ፈረቃው ነው። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ሥራ አስኪያጅ የሚል ማዕረግ አይጻፍ። ሰው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ተለውጧል፣ ስለዚህ ጽሑፉ ከሁለት ሜትር መነበብ አለበት።

ቀጥሎ የስም ጥሪ። የዕለቱ ልብ ይህ ነው። ሁሉም በድሮ ክፍሉ ይገባል፤ አንድ አስተማሪ ሮስተሩን ይዞ ይጠራል፣ ሰው «አቤት!» ይላል። የሞቱት ስም ሲደረስ ቀድሞ የተመረጠ የቅርብ ጓደኛ ይነሳና በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውሰዋል። ይህ በድንገት መሆን የለበትም፤ ለአስተማሪውም ለጓደኛውም ከወዲሁ ይነገር።

የመድረክ መሪው ሁለት ነገር አይጠይቅም፦ «አሁን ምን ትሠራለህ?» እና «ስንት ልጅ አለሽ?» በምትኩ «ከየትኛው አስተማሪ ተገርፈሃል?» ይበል። ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ጨረታና መዋጮ ማሰባሰብ በዚህ ቀን አይደረግ። ውጭ ያሉት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀድመው ይላኩ፤ ቀጥታ ግንኙነት ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰውን ያሰለቻል። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም አትጠቅጥቁ። ሰው የመጣው ለማውራት ነው።

አሥረኛ፦ ለትምህርት ቤቱ

ስጦታ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩንና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ሕብረቱን። ኮምፒውተር ያመጣችሁበት ቤት ሶኬት ላይኖረው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት ወይም የሴት ተማሪዎች የንጽህና ክፍል ነው። ዕቃ ስታስረክቡ በሞዴል 19 (በመንግሥት የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ መደረጉን አረጋግጡ፤ ቅጂውንም ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ።

የመጨረሻው፦ መዝጋትና ማስረከብ

በአንድ ወር ውስጥ ሒሳቡ ይዘጋ። ከኮሚቴው ውጭ ሁለት ሰው ደረሰኞቹን ያገላብጥና ይፈርም። የተረፈ ብር ካለ ምን ይሁን የሚለው በግሩፑ ድምፅ ይወሰን፤ የእኔ ድምፅ ለታመመ ባች መደገፊያ ነው። ቋሚ ማኅበር ሆናችሁ በየዓመቱ ገንዘብ የምትሰበስቡ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግባችሁ ሕጋዊ ሰውነት አግኙ።

ኮሚቴው ሥራውን የሚያስረክበው ለአዲስ የሰባት ሰው ኮሚቴ ነው። ከድሮው ሁለቱ ብቻ ይቅሩ፣ አንዷ የፍለጋ ኃላፊዋ ትሁን። የሚተላለፉት፦ ሺቱ ከነይለፍ ቃሉ፣ የፎቶዎቹ ማኅደር፣ የግሩፑ አድሚንነት፣ የባንክ ፈራሚዎች ለውጥ፣ የአስተማሪዎቹ አድራሻ፣ እንዲሁም ገና ያልተገኙት ሰዎች ዝርዝር ከነመጨረሻው ፍንጭ።